በኢሜይል ደብዳቤ ግርጌ ስለሚቀመጠው የአርማ ሥዕል መጠን የተዘጋጀ ትምህርት

የመንግሥት ሥራ የሚፈጸመው በደብዳቤ ነው። አንዱ ሹም በደጋ፣ አንዱ በቈላ፣ ሌላውም በከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንደ ተመካከሩ ሆነው አንድ ሥራ ለመሥራት የሚችሉት ደብዳቤ ስለሚያገናኛቸው ነው። ስለዚህ ደብዳቤን የሚያዘገየውን ወይም የሚያሰናክለውን ምክንያት መርምሮ ማስወገድ መንገድ እንደ መጥረግና ድልድይ እንደ መጠገን የሚቈጠር ሥራ ነው።

ዛሬ ደብዳቤን ከሚያዘገዩት ምክንያቶች አንዱ፣ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚያጠፋ ነው፤ ይኸውም በኢሜይል ደብዳቤ ግርጌ ከላኪው ስምና ማዕርግ ጋራ የሚቀመጠው የመሥሪያ ቤት አርማ ከመጠን በላይ ትልቅ መሆኑ ነው። ይህ ነገር ከምን እንደሚመጣ፣ ምን ጕዳት እንደሚያደርስና በምን ዓይነት እንደሚስተካከል ለአስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ለያዙ ሰዎች ከዚህ ቀጥሎ ተራ በተራ ይገለጻል።

1ኛ፤ ማኅተም ከወረቀቱ እንዳይበልጥ

ማኅተም በኢትዮጵያ የደብዳቤ ክብር ሆኖ የኖረ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች ላይ አንበሳ የተቀረጸበት ማኅተም ይታተም ስለ ነበረ፣ ደብዳቤው ከማን እንደ መጣ ገና ቃሉ ሳይነበብ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ማኅተም አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ መጠኑ አይለወጥም፤ ቀራጩም የወረቀቱን ስፋት አስቦ ስለሚቀርጸው ማኅተሙ ቃሉን የሚሸፍንበት ምክንያት አልነበረም።

የፖስታ ሥራ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኋላም ቴሌግራም ተከተለ። በቴሌግራም የሚከፈለው በቃላት ቍጥር ስለ ነበረ ጸሓፊው አንዲት ቃል እንኳ በከንቱ አይጨምርም ነበር። ኢሜይልም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲጀምረው ጽሕፈት ብቻ የሚያደርስ ነበር፤ ሥዕልና ድምፅ ከደብዳቤ ጋራ ተያይዞ እንዲሄድ ያደረገው «ማይም» የሚባለው ሥርዓት የወጣው በ1992 ነው። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባውም ከዚህ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ኢሜይልን ያወቁት ሥዕል የሚጫንበት ሆኖ ሳለ ነው።

እንግዲህ በማኅተም ጊዜ ወረቀቱ፣ በቴሌግራምም ጊዜ ሒሳቡ ጸሓፊውን ይጠብቀው ነበር። በኢሜይል ግን የሚከለክለው ነገር በዐይን አይታይም፤ ላኪው ራሱ ልክን ካልወሰነ በቀር ማኅተሙ ከደብዳቤው የከበደ ሆኖ ይሄዳል። ይህም ከተጫነው እህል ይልቅ ኮርቻው የከበደበትን በቅሎ ይመስላል።

2ኛ፤ ክብደቱ እንዴት እንደሚቈጠር

በኮምፒዩተር ያለ ሥዕል «ፒክስል» ከሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። በእጅ ስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ 4000 ፒክስል ስፋትና 3000 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል፤ ይህም 12 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። በደብዳቤ ግርጌ ለሚቀመጥ አርማ ግን 150 ፒክስል ስፋትና 150 ፒክስል ቁመት ይበቃዋል፤ ይህም 22,500 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ሰሌዳ በስልኩ አንሥቶ ያንኑ ፎቶግራፍ እንዳለ በግርጌ የሚያስቀምጥ ሰው ከሚያስፈልገው ከ500 ጊዜ በላይ የበዛ ነጥብ ያሸክማል።

በዚህም ላይ ሌላ ክብደት ይጨመራል። ኢሜይል በመጀመሪያ ለጽሕፈት ብቻ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ሥዕል በእርሱ ሲላክ ተለውጦ በፊደል መልክ ይጻፋል፤ ሲለወጥም 3 የነበረው 4 ይሆናል። ስለዚህ የ3 ሜጋባይት ሥዕል በመንገድ ላይ 4 ሜጋባይት ሆኖ ይጓዛል።

ለምሳሌ ጥሊሊን መውሰድ ይቻላል። ጥሊሊ በአዊ ብሔረሰብ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ትገኛለች። ከዚያ የሚነሣ የእርሻ ጕዳይ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ እንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ከተማ ወደ ባሕር ዳር፣ አስፈላጊ በሆነም ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። አሁን በጥሊሊ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት 200 ቃል ያለው ደብዳቤ ጽፎ በግርጌው የ3 ሜጋባይት አርማ አድርጎ ቢልክ፣ ሒሳቡ እንደሚከተለው ይሆናል።

አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር በ3 ባይት ስለሚጻፍ፣ 200 ቃል ያለው የአማርኛ ደብዳቤ ለመላክ ከተዘጋጀ በኋላ እንኳ ክብደቱ ወደ 5 ኪሎባይት ቢደርስ ነው። አርማው ግን 4 ሜጋባይት ነው። ይህም ማለት አርማው ከቃሉ 800 ጊዜ ያህል ከበደ ማለት ነው። መስመሩ ደክሞ በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ብቻ በሚያስተላልፍበት ሰዓት ደብዳቤው ለመሄድ ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ በመካከሉም መስመሩ ቢቋረጥ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አርማው 20 ኪሎባይት ቢሆን ኖሮ ግን በመንገድ ላይ 27 ኪሎባይት ያህል ሆኖ ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርስ ነበር።

ደብዳቤው መልስ ሲሰጥበት ደግሞ ጕዳቱ ይደራረባል። መልስ የሚሰጠው ሁሉ የራሱን አርማ ጨምሮ የበፊቱንም ይዞ ስለሚልክ፣ አምስት ጊዜ የተመላለሰ ጕዳይ 20 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሰባት ጊዜ ሲመላለስ 28 ሜጋባይት ይደርሳል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት የሚበልጠውን በቀጥታ ስለማይልክ፣ ጕዳዩ ሊፈጸም በቀረበበት ሰዓት ደብዳቤው ይመለሳል ማለት ነው።

ሣጥኑም በከንቱ ይሞላል። አንድ ጽሕፈት ቤት በቀን 20 ደብዳቤ ቢልክና በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢኖረው 5000 ደብዳቤ ይልካል። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት አርማ ቢሸከም በዓመት 20,000 ሜጋባይት፣ ማለት 20 ጊጋባይት ይሆናል፤ ጂሜይል ያለ ክፍያ የሚሰጠው ቦታ ግን በጠቅላላው 15 ጊጋባይት ነው። አርማው ተስተካክሎ 27 ኪሎባይት ቢሆን ግን የዓመቱ ድምር 135 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ሜጋባይት የሚገዛው በገንዘብ ስለ ሆነ፣ ላኪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም ላልፈለገው ሥዕል ይከፍላል።

3ኛ፤ ላኪው ጥፋቱን የማያይበት ምክንያት

ብዙ ሰዎች አርማቸው ትልቅ እንደ ሆነ ሲነገራቸው «በእኛ ዘንድ ትንሽ ሆኖ ይታያል» ብለው ይመልሳሉ፤ የሚሉትም እውነት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሥዕልን በማዕዘኑ ይዞ እየጐተቱ ማሳነስ መታያውን ያሳንሳል እንጂ ፋይሉን ራሱን አያሳንስም። ትልቅ ጋቢ ዐሥር ጊዜ ቢታጠፍ ትንሽ ይመስላል እንጂ ክብደቱ እንደማይቀንስ ማለት ነው። ስለዚህ 12 ሚሊዮኑ ነጥብ ሁሉ እንዳለ ይጓዛል።

ሁለተኛው ምክንያት ተቀባዩ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። «እዚህ ላይ አሳንሰህ አሳይ» የሚለውን ትእዛዝ ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ዓይነት አይቀበለውም። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው የቀድሞው አውትሉክ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ2007 ጀምሮ ደብዳቤን የሚያሳየው በዎርድ አሠራር ስለ ሆነ፣ በሌሎች ዘንድ የሚሠሩትን አንዳንዶቹን የመጠን ትእዛዞች ያልፋቸዋል፤ ስፋቱ በቍጥር ተለይቶ ካልተጻፈለትም ሥዕሉን በተፈጥሮ መጠኑ ይዘረጋዋል። ያን ጊዜ አርማው የስክሪኑን ወርድ አልፎ ይሄድና አንባቢው ወደ ጐን እየገፋ ያነባል፤ በስልክ የሚያነብ ሰውም ከቃሉ አስቀድሞ የአርማውን ቍራጭ ያያል።

ሦስተኛው ምክንያት በሥዕሉ ውስጥ ተጽፎ የሚኖረው «ዲ.ፒ.አይ.» የሚባል ቍጥር ነው፤ ይኸውም በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚቈጠር የሚናገር ነው። ኮምፒዩተሩም ፊደል ጐልቶ እንዲታይ በ125 ወይም በ150 ከመቶ ተስተካክሎ ከሆነ የሥዕሉ መጠን ከዚህ የተነሣ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ መጠንን በዐይን ግምት መተው አይገባም፤ በቍጥር መወሰን ያስፈልጋል።

4ኛ፤ የማስተካከሉ ሥራ

ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የተለየ ባለሙያም አያስፈልገውም። ተራው እንዲህ ነው።

ሀ. በመጀመሪያ የአርማውን ፋይል ክብደትና የፒክስሉን ቍጥር መመልከት ነው። በዊንዶውስ በፋይሉ ላይ በማውሱ ቀኝ አዝራር ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን መክፈት ይበቃል። ክብደቱ ከ50 ኪሎባይት በላይ ከሆነ መስተካከል ያስፈልገዋል።

ለ. የመጀመሪያውን ሥዕል ሳይነኩ ግልባጩን ማዘጋጀት ነው። ትልቁ ሥዕል ለሰሌዳና ለኅትመት ስለሚያስፈልግ ተጠብቆ መኖር አለበት።

ሐ. ግልባጩን «ፔይንት» በሚባለው ፕሮግራም ከፍቶ «ሪሳይዝ» የሚለውን መምረጥና በ«ፒክስልስ» እንዲቈጠር ማድረግ ነው። ስፋትና ቁመቱ ተመጣጥነው እንዲያንሱ የሚያደርገው ምልክት ተደርጎበት እንደ ሆነ ይታይ፤ አለዚያ ክቡ አርማ ሞላላ ይሆናል። ከዚያም ስፋቱን 150 ብሎ መጻፍ ነው። ጥራታቸው በበዛ ስክሪኖች ላይ አርማው እንዳይደበዝዝ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን በ300 ፒክስል አስቀምጦ መታያውን በ150 ሊወስን ይችላል።

መ. አርማው ጥቂት ቀለምና ጥርት ያለ መሥመር ያለው ከሆነ በ«ፒ.ኤን.ጂ.»፣ ፎቶግራፍ ከሆነ ግን በ«ጄፔግ» ማስቀመጥ ነው።

ሠ. አሮጌውን ሥዕል ከፊርማው ፈጽሞ አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነው። በጂሜይል በጥርስ ምልክቱ ገብቶ «ሲ ኦል ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎም በ«ጄኔራል» ውስጥ «ሲግኔቸር» የሚለውን መፈለግ ነው፤ ሥዕሉ ከገባ በኋላ ሲነኩት «ስሞል»፣ «ሚዲየም»፣ «ላርጅ» የሚሉ ምርጫዎች ይታያሉ። በመጨረሻ ከገጹ ግርጌ «ሴቭ ቼንጅስ» የሚለው ካልተጫነ ሥራው ሁሉ ይጠፋል። በቀድሞው አውትሉክ ደግሞ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል»፣ «ሲግኔቸርስ» በሚለው ተራ ይገባል፤ በሥዕሉም ላይ በቀኝ አዝራር ተጭኖ «ፒክቸር» በሚለው ውስጥ መጠኑ በቍጥር ይወሰናል።

ረ. የፊርማውን ጽሕፈት በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ካለ፣ ስፋቱንና ቁመቱን በሥዕሉ ትእዛዝ ውስጥ በባዶ ቍጥር ይጻፍ፤ አውትሉክ የሚያከብረው ይህንን ነውና።

ሰ. ለመልስና ለማስተላለፍ ሥዕል የሌለበት ሁለተኛ ፊርማ ማዘጋጀት ነው። ጂሜይልም አውትሉክም ለአዲስ ደብዳቤ አንድ፣ ለመልስም ሌላ ፊርማ ለመምረጥ ይፈቅዳሉ። ይህ ብቻ ቢደረግ ከላይ የተነገረው መደራረብ ይቀራል።

ሸ. በመጨረሻ መፈተን ነው። ደብዳቤውን ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ልኮ በኮምፒዩተርና በስልክ አስከፍቶ መጠየቅ ይገባል፤ የላኪው ዐይን ለዚህ ነገር ምስክር እንዳልሆነ ከላይ ተገልጿልና።

5ኛ፤ በሥዕል መደረግ የሌለበት ነገር

አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ስምን፣ ማዕርግንና የስልክ ቍጥርን ሁሉ በአንድ ሥዕል ውስጥ አጻጽፈው በግርጌ ያኖሩታል። ይህ የተሳሳተ አሠራር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ተቀባዩ ካልፈቀደ በቀር ከውጭ የሚመጣን ሥዕል አያሳዩም፤ ያን ጊዜ ደብዳቤው የላኪው ስም የሌለበት ይሆናል። ዐይነ ስውር ለሆነ ሠራተኛ ደብዳቤ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራምም ጽሕፈትን እንጂ በሥዕል ውስጥ ያለውን ቃል እንደሚገባ አያነብለትም። ስልክ ቍጥሩንም ከሥዕል ላይ ገልብጦ መደወል በፊደል ከተጻፈው ይልቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ስሙና ማዕርጉ በፊደል ይጻፍ፤ ሥዕሉ አርማው ብቻ ይሁን፤ ለአርማውም ባይታይ እንኳ የሚነበብ አጭር መግለጫ ይጨመርለት።

ከዚህም የሚከፋው በወረቀት ላይ የታተመውን ማኅተምና በእጅ የተጻፈውን ፊርማ ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢሜይል ግርጌ ለዘወትር ማኖር ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል ጥርት ያለና ትልቅ በሆነ መጠን ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው፤ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሁሉ ማኅተሙን ቈርጦ በሌላ ወረቀት ላይ ሊለጥፈው ይችላል። የማኅተም ሥዕል ማስረጃ አይሆንም። በኮምፒዩተር የሚላክ ጽሑፍ ከእገሌ ለመምጣቱ ማረጋገጫ የሚሆነው በምስጢር ቍልፍና በምስክር ወረቀት የሚሠራው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ ስለዚህም ነገር የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዐዋጅ ቍጥር 1072/2010 ወጥቷል። እንግዲህ ብረቱ ማኅተም በሣጥን ተቈልፎ እንደሚጠበቅ ሁሉ ሥዕሉም ሊጠበቅ ይገባል።

6ኛ፤ ትልቅ ሥዕል የሚገባበት ቦታ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሥዕል ሁሉ ትንሽ ይሁን ለማለት አይደለም። ለእርሻ ሥራ ትልቅና ጥርት ያለ ሥዕል እጅግ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እርሱም የሰብል በሽታ በተነሣ ጊዜ ነው።

የስንዴ ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ሆኖ በመሥመር ተሰልፎ ይወጣል፤ የቅጠል ዋግ ወደ ብርቱካን ቀለም ያደላ ቡናማ ሆኖ ያለ ተራ ይበተናል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ ቀይ ቡናማ ሆኖ የአገዳውን ልባስ ቀዶ ይወጣል። ባለሙያው አንዱን ከሌላው የሚለየው በዚህ ቀለምና አቀማመጥ ስለ ሆነ ሥዕሉ ከደበዘዘ ፍርዱ ይሳሳታል። በ2003 ዓ.ም. የመኸር ሰብል ላይ ቢጫ ዋግ ተነሥቶ «ኩብሳ» የሚባለውን የስንዴ ዘር ክፉኛ ጐዳው፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ «ዲጋሉ» የሚባለውን ዘር አጠፋ። በአዊም ለከሰል የሚተከለው «ዲከረንስ» የሚባለው ዛፍ በቅርብ ዓመታት በዋግ ተጐድቷል። የሚረጨው መድኀኒት የሚጠቅመው በሽታው ገና ሳይስፋፋ ሲደርስ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቀን ከጥሊሊ የሚነሣው ደብዳቤ የታመመውን ቅጠል ሥዕል ይዞ በቶሎ መድረስ ሲገባው፣ መስመሩን የመሥሪያ ቤቱ አርማ ይዞበት ቢቀር ጥፋቱ የጽሕፈት ብቻ አይደለም፤ የገበሬው የዓመት ልፋት ነው። ስለዚህ ክብደቱ ለሚገባው ይሰጠው። የቅጠሉ ሥዕል በአባሪነት ይያያዝ፤ ስፋቱም ከ1600 ፒክስል ባያንስ መልካም ነው፤ በስልክ የተነሣውም ዋና ሥዕል ባለሙያው ሲጠይቅ እንዲገኝ ይቀመጥ። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የዘሩ ስምና ስንዴው የደረሰበት ዕድገት በፊደል ይጻፍ። አርማው ግን በዚያው በ150 ፒክስሉ ይኑር።

7ኛ፤ ከሹማምንት የሚጠበቅ ነገር

ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቢተው አንዱ ያስተካክላል፣ አንዱ ይዘነጋል። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ አንድ የተስተካከለ አርማና አንድ የፊርማ አጻጻፍ አዘጋጅቶ ለሁሉም ቢያድል የተሻለ ነው። አጻጻፉም ከአምስት መሥመር የማያልፍ ይሁን፤ በመጀመሪያው መሥመር ስም፣ በሁለተኛው ማዕርግ፣ በሦስተኛው የጽሕፈት ቤቱና የወረዳው ስም፣ በአራተኛው ከተማው፣ በአምስተኛው የስልክ ቍጥር ይጻፍ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ከሥራ መሣሪያው ጋራ ይህ ይሰጠው፤ የመሥሪያ ቤት ስም ወይም አርማ በተለወጠም ጊዜ አሮጌው በሙሉ ይነሣ።

ሰፊ እርሻ የያዙ ሰዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከዚህ ሥርዓት ውጪ አይደሉም። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ብድር የሚጽፉት ደብዳቤ ከባድ ሆኖ ቢመለስ ዝናቡ እነርሱን አይጠብቅም።

የመሥሪያ ቤት ክብር በአርማው ስፋት አይለካም። ቃሉ አጭርና ግልጽ የሆነ፣ በጊዜው የደረሰ፣ ከማን እንደ መጣ የሚታወቅና በደካማ መስመር ላይ ላለ ሰው እንኳ የሚከፈት ደብዳቤ እርሱ የተከበረ ደብዳቤ ነው። ለዚህም የሚጠየቀው ድካም የግማሽ ሰዓት ሥራ ብቻ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የበልግም ሆነ የመኸር ሥራ ከመበርታቱ አስቀድሞ የራሱን ፊርማ መርምሮ ቢያስተካክል ጥቅሙ ለራሱም ለገበሬውም ይሆናል።